ቀዩ ፍላስክ

አሜሪካ ውስጥ አንድ የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ በምሠራበት ጊዜ ነው። ሥራዬ የሜላኖማ ሴሎችን ማሳደግ ነበር። ከዚህ የቆዳ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ብራፍ የሚባለው ጂን ላይ ለውጥ አለበት። ያንን ለውጥ ለይቶ የሚመታው መድኃኒት፣ ቬሙራፌኒብ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ተፈቀደ። እጢው በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። ብዙ ታማሚዎች ላይ ግን ከወራት በኋላ ተመልሶ ያድጋል።

እኔም መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ፣ የተረፉትን እያሳደግኩ፣ መድኃኒት የተላመዱ ሴሎች አወጣሁ። አራት ወር ፈጀብኝ።

ሴሎቹ የሚኖሩበት ፈሳሽ ፌኖል ሬድ የሚባል ቀለም አለው። ስኳር በልተው ላክቲክ አሲድ ሲያወጡ ከቀይ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሴሎቹ በሙቀት የሚያድጉበትን ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ከፍቼ ቢጫ ካየሁ "ሞልተዋል" እላለሁ። ዓይኔ ይህን ለምዷል።

አንድ አርብ ማታ ለመውጣት እየተጣደፍኩ ሴሎቹ የሚያድጉባቸውን ጠርሙሶች፣ ፍላስኮቹን፣ አየሁ። መድኃኒት የማያውቁት ቢጫ ሆነዋል። የተላመዱት በአራተኛ ቀናቸውም ፈሳሹ ዛሬ የተቀየረላቸው ይመስል ቀይ ናቸው። አለቀላቸው ብዬ በረኪና ደፋሁባቸው። ማይክሮስኮፑ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው።

ሰኞ ለአለቃዬ ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ቆጠርካቸው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ደግነቱ ከሁለት ወር በፊት ጥቂቶቹን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አቀዝቅዤ አስቀምጬ ነበር። ከዚያ ቀጠልን። አሁን ላክቲክ አሲዱንም፣ የሚወስዱትን ኦክስጅንም ለካን። አሲዱ ትንሽ፣ ኦክስጅኑ ብዙ። ስኳሩን እየተጣደፉ ወደ አሲድ መቀየር ቀንሰው ፊታቸውን በኦክስጅን ኃይል ወደሚያመነጨው የሴሉ ክፍል፣ ወደ ሚቶኮንድሪያ፣ አዙረዋል። ብራፍ ሲታፈን ፒጂሲ ዋን አልፋ የሚባል ፕሮቲን እንደሚጨምርና ሚቶኮንድሪያን እንደሚያበረታ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። አንብቤዋለሁ እኮ! ከፊቴ ካለው ቀለም ጋር ግን አላገናኘሁትም።

የተላመደ ካንሰር ሁሉ እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዱ ወደ ስኳሩ ይመለሳል። ልዩነቱ ለታማሚው ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው መድኃኒት የት መምታት እንዳለበት ሴሉ ኃይሉን የሚያገኝበት መንገድ ሊጠቁም ይችላል።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ቀይ ፍላስክ እንደገና እጄ ገባ። ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጬ አጎነበስኩ። ከዳር እስከ ዳር ተጠጋግተው ሞልተዋል። መርፌ መጣያ ቦታ የለም።