34 ሳምንት፣ 34 ሴንቲሜትር፦ ብቻውን የማላምነው ቁጥር

የፅንሱን እድገት ለመገመት የነፍሰ ጡር እናትን የማህፀን ከፍታ በሜትር መለካቱ ቀላል ነው። እናትየዋ ሽንቷን ሸንታ፣ ከወገቧ በላይ ትንሽ ቀና ብላ፣ እግሯን ዘርግታ ትተኛለች። የማህፀኑን አናት በእጄ እፈልግና የማይለጠጥ ሜትር ከዚያ እስከ ብልት አጥንቱ የላይኛው ጠርዝ እዘረጋለሁ። አናቱ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ወደ መሃል አልመልሰውም። የሜትሩን ቁጥር ያለበትን ገጽ ወደ ቆዳዋ እገለብጠዋለሁ፤ ሳምንቱን ያወቀ ዓይን የጠበቀውን ያነባልና።

ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። የተማርነው ደንብ ከ24ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ ሴንቲሜትሩ ከሳምንቱ ጋር ይቀራረባል፣ 2 ቢበልጥ ወይም ቢጎድል ደህና ነው ይላል። የተኛችው ማን ናት ሳይባል ለሁሉም እናት እኩል እንደሚሠራ መማራችን እስካሁን ያበሳጨኛል፤ ሳልጠይቅ መቀበሌም ይቆጨኛል።

ወፍራም እናት ላይ ሜትሩ የሚያልፈው በስቡም ላይ ስለሆነ ልኬቱ ይረዝማል። በ34 ሳምንት 34 ሲነበብ ሁሉም እፎይ ይላል፤ የፅንሱ እድገት ግን ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። የጎደለ ቁጥር ያስጠረጥራል፤ ልክ የመጣ ቁጥር ያዘናጋል። ቢኤምአይዋ (ክብደቷ ከቁመቷ ጋር ሲመዛዘን የሚገኘው ቁጥር) ከ35 በላይ ከሆነ ወይም ትልቅ ፋይብሮይድ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ካለባት ሜትሩን ትቼ እድገቱን በተደጋጋሚ አልትራሳውንድ አስከታትላለሁ።

አጭርና ቀጭን እናት በተቃራኒው ከደንቡ በታች ተለክታ ፅንሷ ጤናማ ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ሳትታይ ግን በቁመቷ አላመካኝም። ደጋግማ የወለደች እናት የሆድ ጡንቻዋ ስለሚላላ ማህፀኑ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ልኬቱም ይለወጣል። በመጀመሪያ እርግዝና ደግሞ 36ኛው ሳምንት አካባቢ ጭንቅላቱ ወደ ዳሌ ሲወርድ ቁጥሩ ሊቆም ወይም ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ቁመቷን፣ በእርግዝናው መጀመሪያ የነበራትን ክብደትና ስንት ጊዜ እንደወለደች እጽፋለሁ። ከሁሉ በፊት የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን እንደገና እጠይቃለሁ፤ ቀኑ ከተሳሳተ የቀረው ሁሉ ይሳሳታል። በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ፣ ከተቻለ ያው ሰው ይለካ፤ ውጤቱም ቻርት ላይ በነጥብ ይመዝገብ። ጭማሪው ከቆመ ቁጥሩ በደንቡ ውስጥ ቢሆንም ለአልትራሳውንድ እልካታለሁ፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አላቆያትም።