የመጀመሪያው መስመር

ዛሬ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ያለ ምክንያት ሆዴ ባብቶ ውሏል። ዝናቡ ከማለዳ አንሥቶ አላባራም። በመስኮቱ ስመለከት እዚህ ጎንደር የአንገረብ ሸለቆ በጉም ተውጦ የወዲያኛው ተዳፋት አይታይም፤ በሰፈራችን ግን በየቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ባልዲ፣ ሳፋና በርሜል ተደርድሮ እያንዳንዱ በየራሱ ድምፅ ይሞላል። ቧንቧችን ከደረቀ ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው። ክረምት ባይሆን ኖሮ እንደ ሚያዝያው ሁሉ ጀሪካን ይዘን ቁልቁል መውረዳችን አይቀርም ነበር። ቡናውን ለብቻዬ አፍልቼ፣ አቦሉን ጠጥቼ፣ ቶናውን እሳት ላይ ትቼ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

ጠዋት እድር ነበረን። የእድራችን ዳኛ እንደ ወትሮው ስም ጠሩ፤ እኛም ተራ በተራ «አቤት» አልን። የቀረው ተቀጣ፣ የወሩ መዋጮ ተከፈለ፣ ድንኳኑ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ በሚለው ላይ ጥቂት ተከራከርን። ልንበተን ስንል ያ የታችኛው ሰፈር መምህር ከቦርሳው ባለ መስመር ወረቀቶች አወጣ። ከላይ አጭር አቤቱታ ሰፍሮበታል፤ ውኃው በፈረቃ የሚታደል ከሆነ ፈረቃው ለነዋሪው እንዲገለጽ፣ ወደ እኛ መደዳ የማይደርስበትም ምክንያት በጽሑፍ እንዲነገረን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃል። ከሥሩ ሦስት ዓምድ ተሠምሯል፦ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ።

መጀመሪያ የተነሡት እታለም ናቸው። መምህሩ ጽሑፉን ሊያነብላቸው ሲጀምር «የውኃ ነው አላልኸኝም? ይበቃኛል» ብለው አቋረጡት። ፊደል ስለማይለዩ የእድሩ ማኅተም ቀለም ቀረበላቸውና አውራ ጣታቸውን አጠቀሱ። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ግን ድፍን ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ነበር፤ ሰማንያ ዓመት ሲያቦካ፣ ሲፈትልና እሳት ሲቆሰቁስ የኖረው ጣት ለስልሶ መስመር አልቀረውም። ደግመው ጫኑ። በሦስተኛው፣ መምህሩ ጣታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ሲያንከባልለው፣ ከጠርዙ በኩል ጥቂት ቅስት የመሰሉ መስመሮች ወጡ። «አሁንስ እኔ መሆኔ ይታወቃል?» አሉት። ይታወቃል አላቸው። ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

ለእኔ የደረሰኝ ባዶ ወረቀት ነው። «የላይኛውን መደዳ እርስዎ ቢያዳርሱልን ማንም እምቢ አይልም» አለኝ መምህሩ፤ እኔም ተቀበልሁት። ይኸውና ጠረጴዛው ላይ ከፊቴ ተዘርግቷል። ሃያ አምስት መስመር አለው። ወረቀቱን የሚያዞር ሰው የራሱን ስም ሳያሰፍር የሌላውን በር ማንኳኳት አይችልምና የመጀመሪያው መስመር የእኔ መሆኑ ግልጽ ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት እስከ አሁን ግን እስክሪብቶውን አላነሣሁም። ደክሞኛል እንዳልል አልደከመኝም፤ አላምንበትም እንዳልል ከአቤቱታው ውስጥ የማልስማማበት አንድም ቃል የለም።

ይህን እያሰብሁ ሳለሁ የመጣብኝ የእምቦጩ ዘመቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ከባልደረቦቼ ጋር ጣናን ልናድን ሐይቁ ዳር ወዳለችው ደምቢያ ወርደን ነበር። ያን ጊዜ አንድም ቀን አላመነታሁም። ለአውቶቡሱ ከኪሴ አዋጣሁ፣ ቦቲ ጫማ ተዋስሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሣሁ። እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ ከተመዘገበ ያኔ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። አበባው ሐምራዊና ለዓይን የሚያምር፣ አገዳው እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ፣ ሥሩ እንደ ጥቁር ጠጉር የተንጨባረረ አረም ነው፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ከደለል ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይቆያል። እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ቆመን እየጎተትን ዳር ላይ ስንከምር ዋልን። አመሻሽ ላይ ልንሳፈር ስንል፣ ከእኛ ጋር ከጠዋት ጀምሮ ሲነቅል የዋለ አንድ የአካባቢው ገበሬ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ «ነገም ትመጣላችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ወቀሳ አልነበረበትም፤ ለነገ ስንት ሰው እንዳለው ማወቅ ስለፈለገ ብቻ ነው የጠየቀው። ምን ብዬ እንደመለስሁለት አላስታውስም። አልተመለስንም።

ለምን ሐይቁን ያን ያህል በቀላሉ መረጥሁት? ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቄ ሄጄ ለጣና ጭቃ የገባሁት ሰው፣ ከቤቴ ደጃፍ ለደረቀው ቧንቧ አንድ መስመር መሙላት ለምን ከበደኝ? ለሐይቁ ያለኝ ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ እምቦጭ የማንም ወገን አይደለም። ስሜን አይመዘግብም፣ አለቃዬን አያውቀውም፣ ነገ መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጦ አይጠብቀኝም። ብዙዎቻችን «ፖለቲካ አልወድም» እያልን በጎ ሥራ የምንመርጠው በዚህ መለኪያ ይመስለኛል፤ የሚያስቆጣው ሰው የሌለውን ጉዳይ እንመርጣለን። ችግኝ ተከላ እንወጣለን፣ ደም እንለግሳለን፣ ለታመመ ሰው እናዋጣለን። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ እኔም ወደፊት አደርጋቸዋለሁ። ውኃው ለምን እንደማይደርሰን የሚጠይቀው ወረቀት ግን መልስ መስጠት ያለበትን ሰው ይጠራል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ከበጎ ሥራነት ወጥቶ ሌላ ስም ያገኛል።

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ሳስተምረው የኖርሁት ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የመሰብሰብንና የሰላማዊ ሰልፍን ነፃነት አቤቱታ ከማቅረብ መብት ጋር አንድ ላይ አስቀምጦታል። ሰልፍ ለማድረግ እንኳ በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ ለአቤቱታ ደግሞ ይህም አያስፈልግም። ተማሪዎቼ ይህን ሸምድደው ጥሩ ውጤት ያመጣሉ። ከእነርሱ አንዷ ባለፈው ዓመት «ታዲያ ሰው ለምን አይጽፍም?» ብላ ጠይቃኝ ጊዜው አልቆ ስለነበር በሌላ ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን አልኋት። በሌላውም ክፍለ ጊዜ አልተመለስንበትም።

የሚከብደው ስም መጻፉ ነው። ተሳትፎ ሁሉ መጨረሻው ስም ነው፤ ክልላዊ ፓርቲ ለማቋቋም 4,000፣ አገር አቀፍ ከሆነ 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ ሲል የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ የሚቆጥረው ሐሳብን ሳይሆን ስምን ነው። በልብ መስማማት አይቆጠርም። እድር ላይ ግን በየወሩ ስሜ በመዝገብ ተጽፎ፣ በጉባኤ ፊት ተጠርቶ፣ አቤት ስል ቅንጣት ፍርሃት አይሰማኝም። ያ መዝገብ የሚያውቀኝ ልቅበርህና ልትቀብረኝ በሚል ውል ስለሆነ ነው። እዚህ ከተማ ስም በሌላ መዝገብ ሲሰፍር ምን እንደሚያስከትል ያዩ ሰዎች ያሳደጉን ልጆች ነን። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለውን ከጡት ጋር ነው የጠባነው። በተለይ አሁን፣ ሰው በገዛ ሳሎኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ወቅት፣ ይህን ምክር የሚሰጠውን ሰው ፈሪ ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ግን ደግሞ ውኃ ትንሽ ጉዳይ ነው የሚሉኝን አልቀበልም። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ያመፁት በትልቅ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም፤ የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ስለከለከሏቸው ነው። ነገሩን እንዲያጣራ የተላከላቸውን ጄኔራል ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። በየካቲት ታክሲ ነጂው በቤንዚን ዋጋ፣ መምህሩ በደመወዙና በትምህርቱ ለውጥ ዕቅድ ተነሣ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እነዚህ ሰዎች ጉዳያቸውን የመረጡት አይመስለኝም። ጉዳዩ ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ ነው የያዛቸው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የሄዱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን መርጠዋል፤ አራሹ እነርሱ ሳይሆኑ የጭሰኛውን ዕዳ የራሳቸው አደረጉት። ደምቢያ የወረድሁ ቀን እኔም ከእነርሱ ወገን የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ልዩነቱ እነርሱ በየዓመቱ መመለሳቸው ነው። ያ ምርጫ ኋላ ያስከፈላቸውንም ሳስብ፣ ለወጣት «ምረጥ» ብሎ መምከር እንዴት ያለ ከባድ ነገር እንደሆነ ይታየኛል።

ሰው በሐሳብ ተማርኮ ነው ወደ ፖለቲካ የሚገባው የሚለውን ከዕድሜዬ ጋር እየተውሁት መጥቻለሁ። አብዛኛው ሰው የሚገባው እምቢ ሊለው የማይችለው ሰው ስለጠየቀው ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ጎንደር አደባባይ የወጣች ጊዜ ከሰፈራችን የሄዱትን አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ከዚያ በፊት ስለ መንግሥት ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ጎረቤት በራቸውን አንኳኳ፤ ሚዜያቸው «እኔ ልሄድ ነው» አላቸው፤ ወንድማቸው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። የእኔን በር ያንኳኳ አልነበረም። ቢንኳኳስ ኖሮ? ዛሬ መምህሩ ባዶውን ወረቀት ለእኔ የሰጠው ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው፤ የላይኛው መደዳ ሰዎች ጽሑፉን ከማንበባቸው በፊት በሩ ላይ የቆመውን ሰው ያያሉ። እኔም በተራዬ ለሃያ አራት ሰው እምቢ የማይባል ሰው ልሆን ነው። የራሴን ስም መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በእኔ ይሉኝታ የሌላውን ስም ማስጻፍ ደግሞ ሌላ። የዘገየሁት ምናልባት በዚህም ይሆናል።

ስምን በተመለከተ እማዬን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ፖለቲካን በሩቁ ማለትን ከእርሷ በላይ ያስተማረኝ የለም። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ድምፁን ትቀንሰው ነበር፤ እንግዳ ቤት ሰዎች በተሰበሰቡበት መንግሥት ከተነሣ ቡና ልጨምር ብላ ትነሣለች። በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በዚህ ከተማ እጅግ በከፋበት ወቅት አጎቴ በመተማ በኩል ሲወጣ መጻሕፍቱን ለእርሷ ትቶ ሄደ። ቤት ለቤት ፍተሻ እንዳለ የተነገራት ማታ እንጀራ እየጋገረች ነበር አሉ፤ አክስቴ ናት ያጫወተችኝ። የምጣዱ እሳት ከፊቷ እየነደደ ነበር። እማዬ ግን ሊጡን እንዳለ ትታ፣ መጻሕፍቱን በስልቻ ጠቅልላ፣ በጨለማ ከጌሾው ሥር ቆፍራ ቀበረቻቸው። በ1983 ዓ.ም. ስታወጣቸው እኔም አጠገቧ ነበርሁ። ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ሻገተ ቂጣ ሆነዋል፤ የአንዱ ሽፋን ግን ደህና ነበርና ስትገልጠው የውስጠኛው ገጽ ላይ የአጎቴ ስም ከነአባቱ፣ የእርሷም አባት ማለት ነው፣ በጥቁር ቀለም ተጽፎ በደንብ ይነበባል። ፈታሾቹ ቆፍረው ቢያወጡት ኖሮ ያ ስም ብቻውን ይበቃት ነበር። በእጇ መዳፍ አቧራውን ጠረገችለትና እንደገና ከደነችው። ምንም አላለችም።

እሳቱ እኮ ከፊቷ ነበር። ማቃጠል ከመቆፈር ይቀላል፤ ለሁለት ልጆች እናትም ደኅና የሚሆነው እርሱ ነበር። ቢቀር ቢቀር ስም ያለበትን ገጽ ገንጥሎ ምጣድ ሥር መወርወር የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ያንንም አላደረገችም። እርሷ በሕይወት ሳለች ይህን ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ፤ አክስቴም ከዚህ በላይ አታውቅም። ያን ሌሊት እማዬ በጌሾው ሥር ያደረገችው ከፖለቲካ መሸሽ ነበር ወይስ መግባት?