ፀሐይ የቆረሰው ሰውዬ

ዛሬ ደብቶኛል። ምክንያቱን ስፈልግ ዋልኩ። ሐምሌ ነው፣ ፀሐይ ካየን ስንት ቀናችን ነው፣ የእማዬ ጣሪያም እንደ አምናው በዚያው ማዕዘን ማፍሰስ ጀምሯል። ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለውን እየሰማሁ ለትልቁ ወንድሜ ልደውልለት ስልኬን አነሳሁ። የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ። "አምና ምን ብለህ ነበር?" ብዬ ነው የምጀምረው። የጣሪያውን ታሪክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ።

ገና ቁጥሩን ሳልነካ ሳሎን ውስጥ ጩኸት ተነሳ።

የታናሿ እህቴ ልጅና የጎረቤት ልጅ ናቸው። እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እሷ ዐሥር። ጉዳዩ ሱፐርማንና ሀልክ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል የሚል ነው። እሱ ሶፋው ላይ ቆሟል። እሷ ቁጭ ብላ በእርጋታ ታስረዳለች። እኔን የሚያስፈራኝ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

"ሀልክ ሲናደድ ጉልበቱ ይጨምራል። ስትመታው ደግሞ ይናደዳል። ስለዚህ በመታኸው ቁጥር እየጠነከረ ነው የሚሄደው። በምን ልታሸንፈው ነው?"

ልጁ መልስ ሲያጣ ድምፁን ጨመረ። የእኛ ቤት ልጅ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

"አክስቴ፣ አንቺ ፍረጂ!"

ማምለጥ ነበረብኝ። ጣሪያ አለብኝ፣ ስልክ አለብኝ። እኔ ግን ቁጭ አልኩ።

"የሱፐርማን ጉልበት ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከፀሐይ።"

"በቃ፣ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ይምጣና እናየዋለን።"

ልጅቷ ሳቀች። ልጁ ግን ሰከንድ አልፈጀበትም። "ከደመናው በላይ ወጥቶ ቻርጅ አድርጎ ይመለሳል" አለኝ።

ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ተከራክሬያለሁ። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው።

መጀመሪያ ላይ መብረር እንኳ አይችልም ነበር ስላቸው አላመኑኝም። እውነቴን ነው። ሱፐርማን በ1938 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) መጽሔት ላይ ሲወጣ ይዘላል እንጂ አይበርም። ዝላዩም ልክ አለው፤ የማይል አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ። ከባቡር ይፈጥናል። ቆዳውን የሚበሳው የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ብቻ ነው ይላል። እንግዲህ መድፍ ይበሳዋል ማለት ነው! መብረሩ የመጣው በኋላ፣ በራዲዮና በካርቱን ነው። ከዚያ ከዓመት ዓመት ሲጨመርለት ዓይኑ እሳት ተፋ፣ እስትንፋሱ በረዶ ሆነ፣ ፕላኔት ገፋ። በጣም ሲበዛ የሚጽፉለት ሰዎች ተቸገሩ። ምንም የማይነካው ሰው ምን ታሪክ ይወጣዋል? የሚያደክመው ድንጋይ፣ ክሪፕቶናይት፣ በ1943 በራዲዮ ድራማ መጣ። በ1986 ደግሞ ጉልበቱን ቀንሰው እንደ አዲስ ጀመሩት። የመሥሪያ ቤት አበል ይመስላል፤ ይጨመራል፣ ይቀነሳል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሀልክ አሳታሚ ማርቭልና የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ በ1996 ጀግኖቻቸውን አጋጥመው የአምስት ግጥሚያ ውጤት ለአንባቢ ድምፅ ሰጡት። ሱፐርማን ሀልክን አሸነፈ። ልጁ ይህን ሲሰማ ሶፋው ጮኸ። ልጅቷ ግን ቅንድቧን አነሳች።

"በድምፅ? ሰው በድምፅ ይጠነክራል እንዴ?"

እኔ ስለ ምርጫ አስተያየት አልሰጥም። ግን በዚያው ምርጫ የማርቭሏ ስቶርም የዲሲዋን ወንደር ውመንን ማሸነፏን ሳነሳላት ትንሽ ተለሳለሰች። ስቶርም በታሪኩ እናቷ ኬንያዊት ናት፣ ያደገችው ካይሮ፣ ዝናብና ነፋስ የምታዝ ሴት። እዚህ ብትሆን ለትልቁም መደወል ባላስፈለገኝ ነበር።

ስታን ሊ፣ እነ ሀልክንና ስፓይደርማንን ከሠሩት አንዱ፣ ማን ያሸንፋል ሲባል የታወቀ መልስ ነበረው። ጸሐፊው እንዲያሸንፍ የፈለገው ነው የሚያሸንፈው ይል ነበር። ልክ ነው። በ1992 ሱፐርማንን ገደሉት፣ ሰው አለቀሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። እኛ ሰፈር ይህን ማንም ሳያስተምረን በሁለት ቃል ጨርሰነዋል። አክተር አይሞትም።

አክተር አይሞትም! ይህን ካልኩ በኋላ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። ልጆቹ መቼ ተነስተው እንደሄዱም አላየሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነበር። መስኮቱ ላይ ጆንያ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ሴት ልጅ አትገባም። የተጻፈ ሕግ የለም፤ እማዬ ነበረች። ትልቁ ግን ይገባል። ሃምሳ ሳንቲሙን ከየት እንደሚያመጣ እስከ ዛሬ አንነጋገርም። ሦስታችን አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ታናሿን እንቅልፍ ሲወስዳት እሱ በሹክሹክታ ያየውን ይተርክልኛል። ክፍያው ከቁርስ ዳቦዬ ግማሹ ነው።

እንግሊዝኛ አይሰማም። ስለዚህ ንግግሩን ሁሉ ራሱ ነው የሚያወጣው። እሱ በሚተርከው ፊልም ውስጥ ፈረንጆቹ "ወላሂ" ይላሉ፣ ሽፍቶቹ ዱቤ ይጠይቃሉ። ሲደባደቡ ፍራሹን በቡጢ ይመታል። አንድ ሌሊት የሱፐርማንን ነገረኝ። የሱፐርማን እናት ልትጋግር ምጣዱን ጥዳ እንጨቱ እርጥብ ሆነባት። እዚያም ሐምሌ ነው። ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት። ሱፐርማን ሽቅብ ወጣና ከፀሐይ ጫፍ ቆረሰ። በእጁ ይዞ ወርዶ ከምጣዱ ሥር አስቀመጠላት።

"እጁ አልተቃጠለም?" አልኩት።

"ትንሽ" አለኝ።

ይህቺ "ትንሽ" ናት ያሳመነችኝ። ጭራሽ አልተቃጠለም ቢለኝ ኖሮ እጠረጥረው ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሆኜ በሰው ኮምፒውተር የ1978ቱን ፊልም አየሁት። ክሪስቶፈር ሪቭ ነው። የባቡር ሐዲድ ሲሰበር ራሱን ሐዲድ አድርጎ ባቡሩን በጀርባው ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ ምድርን እየዞረ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። የዶርም ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። እኔ ምጣዱን እየጠበቅሁ ነበር። ፊልሙ አለቀ። "አልወደድሽውም?" ሲሉኝ ምን ልበላቸው?

ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለት የክሊቭላንድ ልጆች ናቸው። ጄሪ ሲግል ይጽፋል፣ ጆ ሹስተር ይስላል። የሲግል አባት ልብስ ሻጭ ነበር። በ1932 ሱቁን ሊዘርፉ ገቡና እዚያው ሞተ። ልቡ ነው የቆመው ተባለ። ልጁ ያኔ 17 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥይት የማይበሳው ሰው ይዞ ብቅ አለ። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ያገናኟቸዋል። እኔ አልምልም፤ ሰው የሚያስበው ከየት እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

ግን ይህን ስጽፍ አንድ ነገር መጣብኝ። እማዬ አንድ ክረምት ዓይኗን በጣም ታማ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ "ጭሱ ነው፣ ከምድጃ ራቂ" ብለዋት ተመለሰች። በምን ትራቅ? በዚያው ቀን ጋገረች። ትልቁ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ቢሆን ነው። በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። አሁንም ይታየኛል፤ እጁን ኪሱ ከትቶ።

የምጣዱን ታሪክ የነገረኝ ከዚያ በፊት ነው? በኋላ ነው? እማዬን ልጠይቃት ነበር፣ ተኝታለች።

ሲግልና ሹስተር የሱፐርማንን መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነው፣ ለሁለት የሚካፈሉት። የተከፈሉበት ቼክ፣ ወረቀቱ ብቻ፣ በ2012 በ160 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናደድ ነበር። ዛሬ ግን ሳስበው ትልቁ የባሰ ነው የተበላው። ፀሐይ በግማሽ ዳቦ!

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆነ። እሱ ያለበት ገና አልመሸም። ጻፍኩለት፦

"ሱፐርማን ለእናቱ ምጣድ ከፀሐይ የቆረሰበት ቦታ ፊልሙ ውስጥ የለም። ውሸታም።"

ስለ ጣሪያው ስጽፍለት ሳምንት የሚቆይ ሰውዬ ግማሽ ደቂቃ አልሞላውም።

"አለ። ፓርት ስሪ ላይ ነው።"

ፓርት ስሪ የ1983 ነው። እያወረድኩት ነው። 14 በመቶ ላይ ቆሟል። ባልዲውም ሞልቶ ወለሉ ላይ መፍሰስ ጀምሯል፣ ግን ስልኩን ካነቃነቅሁት ኔትወርኩ የሚጠፋ ስለመሰለኝ አልተነሳሁም።