«እንዳትነግሩት፣ ደም ግፊት አለበት»

አንድ ሰው ደም ግፊት እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ፣ ከወጡ ጨው በፊት የቤተሰቡ ወሬ ይቀንሳል። የልጁ ከሥራ መውጣት ይደበቀዋል፣ የዘመድ መታመም ይደበቀዋል፤ መርዶም ቢሆን መጨረሻ የሚሰማው እሱ ነው። ከፍቅር የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን ሲገባ ወሬ የሚቋረጥበት ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል፤ ያልተነገረውንም ከእውነቱ አክፍቶ ያስበዋል። ድንጋጤና ንዴት ግፊትን ከፍ የሚያደርጉት ለጊዜው ነው፣ ሲበርድ ይወርዳል። ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳው በደንብ ሳይታከም ዓመታት የቆየ ግፊት ነው። ክፉ ወሬ ካለ ቁጭ ብሎ፣ የሚቀርበው ሰው አጠገቡ ሆኖ ይነገረው።

መለኪያውም ራሱ ያስጨንቃል። ራሱን ሲያመው ይለካል፣ የላይኛው ቁጥር 150 ሆኖ ያያል፤ ደንግጦ ወዲያው ሲደግም 162 ይሆናል። ሁለተኛውን ልኬት ከፍ ያደረገው ድንጋጤው ሊሆን ይችላል። ደግሞም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ራስ ምታትን እየጠበቁ መለካትም ሆነ ኪኒን መዋጥ ያሳስታል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦ ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣ፣ ሲጋራ አይጨስ። ሽንት ይሸና። ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። የመለኪያው ጨርቅ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ይጠምጠም፤ ለወፍራም ክንድ የጠበበ ጨርቅ ቁጥሩን ያለአግባብ ያንረዋል። ጠዋት ከኪኒን በፊት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመሃል 1 ደቂቃ እያረፉ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሪውን አማካይ አውጡ። ቤት ውስጥ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ሳምንቱ ሲያልቅ መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ ክተቱትና፣ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ፣ እስከ ቀጠሮው ሰሞን አታውጡት።

ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ኪኒኑን ብዙዎች በዝምታ ያቆሙታል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ አቴኖሎል ድካም ያስከትላል፤ በመኝታ ቤት የሚገጥም ድክመትም አለ፣ እሱን ደግሞ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ንገሩ፤ መድኃኒቱ ይለወጣል ወይም መጠኑ ይስተካከላል። አቴኖሎልን በተለይ በድንገት ማቆም ግፊቱን መልሶ ያስወነጭፈዋል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል።

ከ2 ሳምንት በላይ የሚወደው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ከአልጋ መነሳት ካቃተው፣ ይህ የግፊቱ ጠባይ አይደለም፤ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ራሱን የቻለ ሕክምና አለው። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ኪኒኑንም ይረሳል፣ ስለዚህ ጉዳዩ በዚያው የግፊት ቀጠሮ ላይ ለሐኪሙ ይነገር።