ከብረት ኩባያው የተረፈው

ዛሬ እዚህ ቺካጎ ከልጄ ጋር አንድ የድሮ ሶዳ ቤት (ለስላሳና አይስክሬም የሚሸጥበት) ገባን። ረጅም የእብነበረድ ባንኮኒ፣ የሚሽከረከር ቀይ ወንበር። ልጄ ወንበሩ ላይ ሦስቴ ዞረ። እኔ አንዴ ብቻ (ማንም ሳያየኝ)።

አስተናጋጇ ልጅ ሚልክሼክ ስትሠራ አፍጥጬ አየኋት። ቫኒላ አይስክሬም፣ ቀዝቃዛ ወተት፣ የቸኮሌት ሽሮፕ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት። ብቅል! እኔ እኮ ብቅል የማውቀው ለጠላ ነው።

ለካ ይህ ብቅል ያለበት ሚልክሼክ እዚሁ ከተማ ነው የተጀመረው። በ1922 (እ.ኤ.አ.) አይቫር ኩልሰን የሚባል የዋልግሪንስ ሠራተኛ፣ የተለመደው የብቅል ወተት ላይ አይስክሬም ጨመረበት፤ ሰዉ ተሰለፈ። ዋልግሪንስ ደግሞ ፋርማሲ ነው! ያኔ ሶዳ ቤቱ ፋርማሲ ውስጥ ነበር። መድኃኒት ልግዛ ብሎ ወጥቶ ሚልክሼክ ጠጥቶ መመለስ።

የብረት ኩባያውን ማሽኑ ሥር ሰካችው። ጉርርር አለ። ኩባያው ውጪው በላብ ተሸፈነ። ብርጭቆውን ሞላችና የተረፈውን ከነኩባያው አጠገባችን አኖረችው።

እዚህ ላይ ሆዴ ባባ። አዲስ አበባ ጁስ ቤት ስፕሪስ ስናዝ፣ ዓይናችን ብርጭቆው ላይ ሳይሆን መፍጫው ላይ ነበር። «ጋሼ፣ የቀረችውን ጨምርልኝ!»

ይህን ለልጄ እያወራሁ ሳለ ኩባያውን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበው።