የመስከረም ማስታወሻ፦ የሥራ ቦታ ሥነ ልቦናን በማስተርስ ለሚጀምሩ

መስከረም፣ ሐዋሳ።

ማለዳ ሰርቪሶቹ ሠራተኛ ጭነው ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲያቀኑ ባየሁ ቁጥር፣ ዘንድሮ የሥራ ቦታ ሥነ ልቦናን በማስተርስ ሊጀምሩ የተሰናዱት ተማሪዎች ይታሰቡኛል። ትምህርታቸው ስለነዚያ መስኮት ተደግፈው ስለሚያንቀላፉት ሰዎች ነው። ብዙዎቹ ግን ሠራተኛው ዘንድ የሚደርሱት በሁለተኛው ዓመት፣ መጠይቅ አባዝተው ሲያበቁ ነው። ያኔ የተበላሸው ነገር አይቃናም።

ስለ መግቢያው ብዙ የምለው የለኝም። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው በንባብና በቁጥር የማመዛዘን ችሎታንም ስለሚመዝን ደብተር መሸምደድ ብቻውን አያሻግርም፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ጥያቄ መሥራት ይሻላል። ከሥራ ጋር የሚማር ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ቢሆንም የመስክ ሥራው የሚውለው በሥራ ቀን ነው።

ከማኔጅመንት ወይም ከሶሾሎጂ የመጣ ተማሪ «ሥነ ልቦናው እንዳይከብደኝ» ይላል። እሱን አንብቦ ይደርስበታል። እግር የሚያስረው ስታቲስቲክስ ነው፤ የቅጥር፣ የሥልጠና ግምገማና የሥራ ላይ ጤንነት ኮርሶች የሚያስነብቡት ጥናት ሁሉ የሚናገረው በኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች አብረው በሚለዋወጡበት መጠን) እና በሪግሬሽን (አንዱን ነገር ከሌሎች በመተንበይ) ነውና። ትምህርት ሳይጀመር የአሥር ሰዎችን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ አማካዩን፣ መደበኛ ልይይቱን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ) እና ኮሪሌሽኑን በእጅ ማስላት፣ ከዚያም በነጻ በሚገኘው ጃሞቪ በተባለ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ማመሳከር ሦስት አራት ቀን ቢፈጅ ነው። ይህን ሳይሠራ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ፊት የተቀመጠ ሠንጠረዥ ማውጣቱን ያውቅበታል፤ ፈታኙ «ይህ ቁጥር ምን ይላል?» ሲለው ግን መልስ ያጣል።

ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩ ሃንድአውቶች ላይ የሰፈረ ቁጥርም ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሚትና ሀንተር የቅጥር ጥናቶችን አሰባስበው ሲያሰሉ፣ የአጠቃላይ ችሎታ ፈተናም ሆነ ወጥ ቃለ መጠይቅ ከሥራ አፈጻጸም ጋር ያላቸው ትስስር (ኮሪሌሽን) 0.51 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ የቀድሞው የእርማት ስልት (የሚጠኑት የተቀጠሩት ብቻ በመሆናቸው የሚደረገው ማስተካከያ) ቁጥሩን ከልክ በላይ ከፍ ያደርግ እንደነበር አሳይተው እንደገና ሲያሰሉት፣ ቃለ መጠይቁ 0.42፣ የችሎታ ፈተናው 0.31 ሆነ። ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። ወጥ ቃለ መጠይቅ ስል ከሥራ ትንተና የተቀዱ ከ6 እስከ 8 ጥያቄዎች ያሉት ማለቴ ነው፤ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት፣ ከ1 እስከ 5 ያለው ነጥብ ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጠው አስቀድሞ የተጻፈ፣ ሁለት ጠያቂዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ የሚሞሉት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመጠይቁ ቃል ነው።

መለኪያዎቻችን ከውጭ የመጡ ናቸው። ማስላክና ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት የበርንአውት (ከሥራ የተነሣ የሚመጣ መዛል) መለኪያ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ይለካል፦ የስሜት መሟጠጥን፣ የሚያገለግሉትን ሰው እንደ ዕቃ ማየትን፣ «በሥራዬ ለውጥ አመጣለሁ» የሚለውን ስሜት መቀነስን። ይህን ጠቅልሎ «የሥራ ድካም» ብሎ የተረጎመ ተማሪ፣ ስምንት ሰዓት ስፌት ላይ የዋለችን ልጅ ቢጠይቃት «አዎ፣ ደክሞኛል» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ግን የመለሰችው ስለ ወገቧና ስለ ዓይኗ ነው። እሱ ደግሞ ውጤቱን ስለ ስሜቷ አድርጎ ይጽፈዋል።

«ኮሚትመንት» የሚለውን የምንተረጉምበት «ቁርጠኝነት»ም እንዲሁ ነው። ሜየርና አለን እ.ኤ.አ. በ1991 ሠራተኛን ከድርጅቱ የሚያስተሳስሩትን ነገሮች በሦስት ለዩ፦ ስለምወደው፣ ብወጣ ስለምጎዳ፣ መቆየት ስላለብኝ። በአማርኛ ቁርጠኝነት ምግባር ነው፤ «ለድርጅቴ ቁርጠኛ ነኝ» የሚል ወረቀት ቀርቦለት «አልስማማም» የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል። «ሌላ ቦታ እኩል ደመወዝ ባገኝም እዚሁ መቆየት እመርጣለሁ» ቢባል ግን ሰው ቆም ብሎ ያስባል።

አሉታዊ ዐረፍተ ነገርም ወጥመድ ነው። «ለዚህ ድርጅት ቅርበት አይሰማኝም» ለሚል ጥያቄ ቅርበት የሚሰማው ሰው «አልስማማም» ማለት አለበት። ሁለቱ አሉታዎች ሲጋጩ ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒውን ያከብባል። የተቻለውን ያህል በአዎንታ መጻፍ፤ የግድ ከሆነ ደግሞ ዳታ ሲገባ 5ቱን ወደ 1፣ 4ቱን ወደ 2 መገልበጥ እንዳይረሳ። የአንድ መለኪያ ጥያቄዎች እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያሳየው ክሮንባክ አልፋ ከ0.70 በታች ሲወርድ፣ ይልቁንም ከዜሮ በታች ሲሆን፣ ጥያቄ ከመሰረዝ በፊት ይህን ማየት ይቀድማል።

ትርጉሙን አንድ ሰው ይሥራው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው፤ ከዚያ ይነጻጸር። እዚህ ሐዋሳ አማርኛው ብቻ አይበቃም፤ ከገጠር ለመጡት የሲዳሙ አፎ ቅጂ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ስምንት ወይም አሥር ሠራተኞች ጥያቄውን ጮክ ብለው አንብበው ምን እንደገባቸው በራሳቸው ቃል ይናገሩ። ለእኔ ከ30 ሰው የሙከራ ዳታ ይልቅ ይህ የአንድ ከሰዓት ጭውውት ይበልጣል፤ አልፋ «ወገቤን» እና «ስሜቴን» አይለይም።

ስንት ሰው ይጠየቅ በሚለው የናሙና ስሌት ላይ ሁሉም የያማኔን ቀመር ይጠቅሳል፦ 1,500 ሠራተኛ ካለ፣ 0.05 ስሕተት ሲፈቀድ 1,500 ለ4.75 (1 + 1,500 × 0.05²) ተካፍሎ 316። ቀመሩ የተሠራው መቶኛ ለመገመት ነው። በአምስት ተለዋዋጮች ሪግሬሽን ለሚሠራ፣ መካከለኛ ተጽዕኖን በ0.80 ኃይል (ተጽዕኖው ካለ ከመቶ 80 ጊዜ በሚያገኝ ናሙና) ለማግኘት ጂ ፓወር የተባለው የናሙና ማስሊያ ፕሮግራም የሚሰጠው 92 ሰው ነው። ሁለቱን አስልቶ ትልቁን መያዝ፣ ለሚጠፋውም ወረቀት አሥር በመቶ መጨመር። ከሦስት የስፌት መስመር ብቻ የተሰበሰበ 316 ግን ስለ ሦስት አለቆች እንጂ ስለ ፋብሪካው አይናገርም።

ሐዋሳ ላይ ሁሉም ማጥናት የሚፈልገው የሠራተኛ ፍልሰትን ነው። ርዕሱ ተገቢ ነው፤ ዘዴው ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። «ለመልቀቅ አስባለሁ» የሚለው መጠይቅ የሚሞላው ባልለቀቀ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ወር ሻንጣዋን ይዛ የሄደችው ዳታው ውስጥ የለችም። ስለዚህ አዲስ ገቢዎችን ከመጀመሪያው ሳምንት ይዞ፣ በአራተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት መከተል ይሻላል። አሥረኛው ሳምንት ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሲታሰብ እዚያ ላይ ያልቃል። ቀሪነትና መልቀቂያ ከድርጅቱ መዝገብ ይወሰድ። ስሜቱንም ውጤቱንም ከአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ቀን ከወሰዱት ትስስሩ ያለ አግባብ ያብጣል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው በሩ አስቀድሞ ከተከፈተ ነው። የትብብር ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ መውጣት ያለበት በአንደኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው፤ ፕሮፖዛሉ እስኪጸድቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ፓርኩ ፈቃድ ቢያዘገይ በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች፣ ባንኮቹ፣ ሆስፒታሎቹም ሠራተኛ አላቸው። የሰው ሀብት ኃላፊው «እኛስ ምን እናገኛለን?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ተዘጋጅቶ ይሂድ፦ የማንም ስም የሌለበት፣ በክፍል ደረጃ የተጠቃለለ፣ ከአሥር ሰው በታች ያለው ቡድን ለብቻው የማይታይበት የሁለት ገጽ ሪፖርት።

መጠይቁን ግን ኃላፊው እንዳያድለው። በአለቃ እጅ ተሰጥቶ በአለቃ እጅ የተሰበሰበ ወረቀት ከላይ እስከ ታች «በጣም እስማማለሁ» ሆኖ ይመለሳል፤ የቤት ኪራይና ደመወዝ የያዘው ሰው ሌላ ሊሞላ አይችልም። ተማሪው ራሱ በምሳ ሰዓት ያድል፤ ስም የማይጻፍ መሆኑን በአፉ ይንገር፤ የተዘጋ ሣጥን ያስቀምጥ። ክትትል ላለበት ጥናት ሠራተኛዋ ራሷ የምታወጣው መለያ ይበቃል፦ የእናቷ ስም የመጀመሪያ ፊደልና የተወለደችበት ቀን፣ ያለ ወርና ዓመተ ምሕረት። መለያው የሚገጥማቸው ሁለት ሰዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ የተቀጠረችበት ሳምንት ይታከልበት።