መጋዘኑ ይስፋ

የወንዝ ፍሰት የሚያሰላው ፕሮግራማችን ለዓመታት ከኖረበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከፎርትራን፣ ሲ ወደተባለው ሌላ ቋንቋ በተዛወረ በወሩ፣ ቀድሞ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቅ የነበረው ስሌት ምሳ ተበልቶም የማያልቅ ሆነ። የክፍል ኃላፊያችን «ራም ይጨመርለት» ብለው ለኮምፒውተሩ ተጨማሪ የሥራ ማህደረ ትውስታ የግዢ ጥያቄ አዘጋጁ። እኔ ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ቁጥር እስኪመጣለት ቆሞ እየጠበቀ እንደሚውል ስለገባኝ ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ።

«ኢንጂነር፣» አልኳቸው፣ «ባለሱቅ ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ያኖራል፤ የቀረው መጋዘን ይቀመጣል። ካሽ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሹና ፈጣኑ ማህደረ ትውስታ፣ መደርደሪያው ነው፤ ራም መጋዘኑ። ፕሮሰሰሩ ከቅርቡ ካሽ ቁጥር ለማንሳት ሥራውን በሚቆጥርበት በራሱ የሰዓት ምት አራት አምስት ምት ይበቃዋል፤ ራም ድረስ ከላክነው ግን ሁለት መቶ ምትና ከዚያም በላይ ይጠብቃል።»

በጥሞና አዳመጡኝ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ «ገባኝ፤ እንግዲያው መጋዘኑን እናስፋው» አሉና ፈረሙ። ይህችን መልስ ባስታወስኩ ቁጥር መሳቅ ይሁን መናደድ የሚሻለኝ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ሰንጠረዡ 200 ሺህ ረድፍና 2 ሺህ ዓምድ ነበረው። ፎርትራን ጎን ለጎን የሚደረድረው የአንድን ዓምድ ቁጥሮች ሲሆን፣ ሲ ግን የረድፉን ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ አንድ ቁጥር ፈልጎ ራም ድረስ ከሄደ አይቀር ብሎ 64 ባይት፣ ማለትም ባለ 8 ባይት ስምንት ቁጥሮች፣ አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። የእኛ ሉፕ፣ ማለትም ስሌቱን ቁጥር በቁጥር የሚደጋግመው ትእዛዝ፣ በሲም ውስጥ እንደ ልማዱ ዓምድ ለዓምድ ይወርድ ስለነበር፣ ከስምንቱ አንዷን ብቻ አንስቶ 16 ሺህ ባይት ይዘላል። አንድ ዓምድ መውረድ ብቻ 12.8 ሜጋባይት ወደ ካሽ ያግተለትላል፤ የሰርቨራችን ትልቁ ካሽ 8 ሜጋባይት ነበር። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ዓምድ ሲመለስ የቀሩት ሰባቱ በኋላ መጪዎች ተገፍተው ወጥተው ይጠብቁታል፤ ጉዞው እንደገና ወደ መጋዘን ነው።

ራሙ በተገጠመ ዕለት ማታ ሁለቱን ሉፖች አቀያየርኳቸው፤ የውስጡ ወደ ውጭ፣ የውጩ ወደ ውስጥ፣ ሁለት መስመር። በማግስቱ ጀበናው ሳይወርድ ስሌቱ አለቀ።

የወሩ ሪፖርት ውጤቱ «በተደረገው የራም ማስፋፊያ» መገኘቱን ገለጸ፤ ኃላፊያችንም በስብሰባ ተመሰገኑ። እጄን ላወጣ ብዬ ነበር። ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ፎርትራኑን ወደ ሲ የመለሰው ማን ነበር?» የሚል መሆኑ ትዝ አለኝና ከሌሎቹ ጋር አጨበጨብኩ።